በካኮ ሰማይ የማይሄድ ደመና

የገናው ድግስ፣ የጥምቀቱ ሆታ አልፎ ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው፣ እናንተም ወደ ሥራችሁ ተመልሳችኋል፤ ከበዓሉ ወጪም በመጠኑ አገግማችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዘንድሮ በዓሉን እንደ ወትሮው ከእናቴ ጋር አላሳለፍኩም። መልእክተኛ ሆኜ ደቡብ ኦሞ፣ ካኮ ነበርኩ።

መልእክቱን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ካኮ ውስጥ አስተማሪ ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። እናቴ ስሙ በተነሣ ቁጥር «ልጄ እዚያው ቀረ» ትላለች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ደግሞ «ወደ ጂንካ ግድም ነው» ብላ ወሬውን ወደ ሌላ ታዞራለች። በዚህ ገና ግን ቁርጡን ነገረችኝ። «ሂጂና ይዘሽው ነይ። ታላቁ ነሽ፤ አንቺን ይሰማል። ጉልበቴ ሳይደክም አጠገቤ ይሁን። ለመሆኑ እዚያ ምን ይታያል?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አብሮኝ ተጓዘ። ባለቤቴ መኪናውን እየነዳ፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ እየተጣሉ፣ አርባ ምንጭ አድረን፣ በኮንሶና በወይጦ አልፈን፣ ቀይ አፈርን ተሻግረን ካኮ ገባን። ለማታውቋት፣ ካኮ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአዘቦት ቀን በመኪና ለሚያልፍ ሰው ዓይን ሳትሞላ ታልፋለች። ሰኞ ግን ገበያዋ ነው፤ በናውም አሪውም ማሩን፣ ቅቤውን፣ ማሽላውን፣ ፍየሉን ይዞ ይወጣል።

«እማዬ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው»

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ግቢ ውስጥ ተቀምጠናል። ጨረቃ የለችም። ወንድሜ የበረንዳውን አምፖል አጥፍቶታል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፣ ቆይተው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም አሉ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ያን ያህል ኮከብ አይተው አያውቁም። እውነቱን ልናገርና እኔም ረስቼው ነበር።

ያን ጊዜ የስምንት ዓመቷ ልጄ ወደ ደቡብ እየጠቆመች «እማዬ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ያውልሽ ደመና» አለችኝ። ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነጣ ያለ ቁራጭ ደመና ይታያል። ከእሱ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ደመና አለ። «በጥር ዝናብ የለም» አልኳት።

ወንድሜ ሣቀ። «ደመና አይደለም። አንድ ሰዓት ቆይተሽ እዪው፤ ከኮከቦቹ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይበተንም። ሁለቱም ጋላክሲዎች ናቸው።»

አንባብያን፣ በዚያች ሌሊት የሰማሁትንና አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እያነበብኩ ያጣራሁትን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ስለ ትንንሾች ነው። በሰማይ ካሉት ጋላክሲዎች ሁሉ ትንንሾቹና ደብዛዞቹ፣ ድንክ ጋላክሲዎች ስለሚባሉት።

እኛ የምንኖርበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ ፈረንጆቹ ሚልኪ ዌይ የሚሉት ነው። ከ100 ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብት አሉት፤ ፀሐያችን ከእነዚያ አንዷ ናት። በዙሪያው ደግሞ፣ በትልቅ ዛፍ ዙሪያ እንደሚያንዣብቡ ንቦች፣ ትንንሽ ጋላክሲዎች አሉ። እስካሁን የታወቁት 60 ገደማ ደርሰዋል፤ ቁጥሩም በየጊዜው እየጨመረ ነው። አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም። ልጄ ያየቻቸው ሁለቱ ግን ይታያሉ፤ ትልቁና ትንሹ የማጄላን ደመና ይባላሉ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1519 እስከ 1522 ምድርን ከዞረው የማጄላን የባሕር ጉዞ ነው። አውሮፓውያን ከአገራቸው ሆነው ሊያዩአቸው አይችሉም፤ በሰማዩ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስላሉ አድማሳቸው ይሸፍንባቸዋል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ካኮ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ደቡብ ስለምትቀርብ ትልቁ ደመና እጅ ተዘርግቶ ሲለካ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ያነሣው ጥያቄ እናንተም ጋ ይኖራል፤ «ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» መልሱን ከርቀቱ ልጀምር። ከትልቁ ደመና የሚመጣው ብርሃን ለመድረስ 160 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከትንሹ 200 ሺህ ዓመት ገደማ። አሁን ከካኮ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ታችኛው ኦሞ አስቡ። እዚያ ኦሞ ኪቢሽ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን የራስ ቅል ያገኘበት ነው፤ በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ አድርሶታል። በአፋር፣ ሄርቶ የተገኙት የራስ ቅሎች ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው። እንግዲህ ልጄ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ያለችበት ብርሃን ከትንሹ ደመና ሲነሣ፣ እኛን የመሰሉ ሰዎች ኦሞ ዳር ነበሩ። ከትልቁ ሲነሣ ሄርቶ ላይ ሰው ይኖር ነበር። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ የሰው ልጅ ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን ሞላ።

በገበያ መሐል ቤተሰብ መፈለግ

ሁለቱ ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ ካሉት ድንክ ጋላክሲዎች ሁሉ ግዙፎቹ ናቸው፤ ትልቁ ቢሊዮኖች ከዋክብት አሉት። በጣም ደብዛዞቹ ግን ለረጅም ጊዜ መኖራቸውም አልታወቀም ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው ደግሞ ከአፍሪካ ምድር በተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን አቅራቢያ በሚገኘው የቦይደን ጣቢያ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳወቀው ሃርሎ ሻፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጋላክሲው ስካልፕተር ተባለ፤ በዚያው ዓመት ፎርናክስ የተባለው ተከተለ። እነዚህ ሁለቱም በጥር ማታ ከካኮ ሰማይ ላይ አሉ፤ ዓይናችን ነው የማይደርስባቸው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰማዩን በኮምፒውተር የሚያስሱ ትልልቅ ቅኝቶች ሲመጡ ጉድ ተባለ። ከእነዚህ በብዙ እጥፍ የደበዘዙ ጋላክሲዎች መገኘት ጀመሩ። አንዱ ሴግዌይ 1 ይባላል፤ ከእኛ 75 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የከዋክብቱ ብርሃን በሙሉ ተደምሮ ከ300 ፀሐዮች ብርሃን ብዙም አይዘልም። ልብ በሉ፤ ጋላክሲ ነው! ከእሱ ጠቅላላ ብርሃን የሚበልጥ ብርሃን ያላቸው ነጠላ ከዋክብት እንኳ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ሞልተዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይገኛል? ወንድሜ በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ገበያ መሐል ቆመን አስረዳኝ። «ይህን ሁሉ ሰው ተመልከቺ። ከመካከሉ ከአንድ መንደር የመጡትን ለይተሽ አውጪ ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። አለባበሳቸውንና ጌጣቸውን አያለሁ አልኩት። «ጥሩ። ግን አለባበስ ሊመሳሰል ይችላል። እስከ ማታ ጠብቂ፤ ገበያው ሲፈታ አብረው በአንድ መንገድ፣ በአንድ እርምጃ የሚመለሱት የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው።»

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ በቀለምና በድምቀት የሚዛመዱ ከዋክብት የተጠጋጉበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ኮከብ ፍጥነት ይለካሉ። በመንገድ ላይ ከተደረደሩት የእኛው ጋላክሲ ከዋክብት ተለይተው አብረው የሚጓዙት ቤተሰብ ናቸው። መልካቸውም ከትልልቆቹ ይለያል፤ እንደ ፍኖተ ሐሊብ ጠፍጣፋ ሰሐን፣ የተጠማዘዘ ክንድ የላቸውም። ጠርዙ የማይለይ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ የከዋክብት ብትን ናቸው። ፎርናክስን በመሳሰሉት ሞላ ባሉት ውስጥ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከዋክብት እስከ ዳር ተበትነው፣ ወጣቶቹ ወደ መሐሉ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ጋዙ እያለቀ ሲሄድ የመጨረሻው የቀረው መሐል ላይ ስለሆነ።

ሕፃን የሌለበት መንደርና የቆየ እርሾ

ከዋክብትም ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ። አንድ ጋላክሲ መቼ እንደ ወለደ፣ መቼ እንዳቆመ የሚነግረን ማን ነው?

አንድ መንደር ገባችሁ እንበል። የሚያለቅስ ሕፃን የለም፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የሕፃን ልብስ የለም፣ ያያችሁት ሰው ሁሉ ፀጉሩ ሸብቷል። ማንም ሳይነግራችሁ እዚህ ቤት ከተወለደ ቆይቷል ትላላችሁ። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። ግዙፎቹና ሰማያዊዎቹ ነዳጃቸውን በፍጥነት ስለሚጨርሱ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ይሞታሉ፤ ፀሐይን የመሳሰሉት 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይኖራሉ፤ ከእሷ ያነሱት ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንድ ጋላክሲ ውስጥ ሰማያዊ ኮከብ ካልታየ በቅርቡ የተወለደ የለም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ኮከብ በቀለሙና በድምቀቱ ደርድረው የጋላክሲውን የልደት መዝገብ ወደ ኋላ ያነብባሉ።

ሁለተኛው መንገድ ለእኛ ለእናቶች ይበልጥ ይገባናል። ሊጥ ስታቦኩ ከፊተኛው ቡኮ እርሾ ታስቀሩ የለ? የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት የተሠሩት ሃይድሮጅንና ሂሊየም ከሚባሉ ቀላል ጋዞች ነው፤ እርሾ አልነበራቸውም። በሆዳቸው ግን ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ብረት አበሰሉ። ሲሞቱ በተኑት፤ ያ ለቀጣዩ ትውልድ ሊጥ እርሾ ሆነ። ትውልድ በተተካ ቁጥር እርሾው ይበረታል። በአጥንታችን ያለው ካልሲየም፣ በደማችን ያለው ብረት ከዚያ የመጣ ነው። የደብዛዞቹ ጋላክሲዎች ከዋክብት ሲመረመሩ እርሾአቸው እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንዶቹ ከፀሐይ ከመቶ አንድ፣ ከሺህ አንድ እጅ ብረት ብቻ አላቸው። ከመጀመሪያዎቹ ቡኮዎች የተረፉ ናቸው።

ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከደብዛዞቹ ስድስቱን አጥንቶ የወጣው ውጤት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ይህንኑ አረጋገጠ። ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። እነዚህ ጋላክሲዎች አብዛኞቹን ከዋክብታቸውን የወለዱት በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ለምን ዝም አሉ? ሁለት ነገር ይነገራል። የመጀመሪያው ማነሳቸው ነው። ወተት የጣዳችሁበት ድስት ትንሽ ከሆነ ዘወር ሳትሉ ይገነፍላል። በዩኒቨርስ የልጅነት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ጨረር በየቦታው ያለውን ጋዝ አጋለው። ትልልቆቹ ጋላክሲዎች በስበታቸው ጋዛቸውን ያዙ፤ ትንንሾቹ ግን ገነፈለባቸው። በውስጣቸው ሱፐርኖቫ የሚባለው ታላቅ ኮከብ ፍንዳታ ሲደርስም የተረፈችውን ጠራርጎ አወጣ። ጋዝ ከሌለ ኮከብ የለም፤ ሊጥ ሳይኖር ማን ይጋግራል?

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ትልቅ ጋላክሲ አጠገብ የሚኖር ትንሽ ጋላክሲ፣ በትልቁ ዙሪያ በሚዞርበት ጊዜ ጋዙ ይገፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው የሳጂታሪየስ ድንክ ጋላክሲ ጋዙ ብቻ ሳይሆን ከዋክብቱም በፍኖተ ሐሊብ ስበት እየተጎተቱ በሰማዩ ዙሪያ እንደ ጥለት ተዘርግተዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘ ሊዮ ቲ የሚባል አለ። ከደብዛዞቹ መካከል ነው፤ ከእኛ ግን ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። ሊዮ ቲ እስከ ዛሬ ጋዙ አለው። ዘግይቶም፣ ቀስ እያለም፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዋክብት ሲወልድ ኖሯል።

ይህን ሳነብ እጄ ገጹ ላይ ቆመ። ስለ ሰማይ እያነበብኩ የእናቴን ቃል ነበር የምሰማው። ስምንት ዓመት ሙሉ ወንድሜን የቀረ፣ የጠፋ፣ ከትልቁ ነገር የራቀ አድርገን ነበር የምናየው። በዚያ ሰኞ ገበያ ውስጥ ግን ሃያ እርምጃ ሳንራመድ አንድ ሰው ያስቆመን ነበር። አንዱ ልጁ ጂንካ ኮሌጅ መግባቱን ነገረው፤ አንዲት እናት ማር በቅል ሰጥታው ገንዘብ አልቀበልም አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ማን ገበያ መሐል ያስቆመኛል? ሰው ጋላክሲ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ራቀ ማለት ባከነ ማለት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ይህ ነው።

የማይታየው ደጋፊ

ሌላም አለ። ከዋክብቱ በሚሄዱበት ፍጥነት ጋላክሲው መበተን ነበረበት፤ የሚታየው ክብደት ሊያስራቸው አይበቃም። ሴግዌይ 1 ከዋክብቱን አስሮ ለመቆየት ግማሽ ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ክብደት ያስፈልገዋል፤ ብርሃኑ ግን የጥቂት መቶዎች ነው። የቀረውን የያዘው፣ ብርሃን የማይሰጥና የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው። ጨለማ ቁስ ይሉታል። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም፤ ለዚህ ነው የዓለም ሊቃውንት ትንንሾቹ ላይ ያፈጠጡት። በትልልቆቹ ጋላክሲዎች ውስጥ ብርሃኑና ጋዙ ነገሩን ያደበላልቀዋል፤ በደብዛዞቹ ውስጥ ግን ከጨለማው ቁስ በቀር የሚበዛ ነገር የለም።

በአንድ ደመወዝ የሚኖር፣ ሲሰላ የማይዘልቅ፣ ግን የቆመ ቤት ታውቃላችሁ? የአክስት የጤፍ ኩንታል፣ የታላቅ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ዕቁብ በሒሳቡ ላይ አይታይም። ቤቱን የያዘው ግን እሱ ነው።

በጣታችን ያለው የጋብቻ ቀለበትም ከትንንሾቹ ጋር ነገር አለው። ወርቅ እንደ ብረት በተራ ኮከብ ሆድ ውስጥ አይበስልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሬቲኩለም 2 የተባለ ደብዛዛ ጋላክሲ ተገኘ፤ ቦታው ልጄ ደመና ካለችው ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ደቡብ ሰማይ ላይ ነው። ከደመቁት ከዋክብቱ ዘጠኙ ሲመረመሩ ሰባቱ ወርቅና መሰሎቹ በሚሠሩበት መንገድ በተሠሩ ከባድ ንጥረ ነገሮች የተሞሉ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ሌሎች ደብዛዞች ይህ የላቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ የሚደርስ ሳይሆን አንዴ የደረሰ ብርቅ ክስተት ነው ተባለ፤ ምናልባትም የሁለት ሙት ከዋክብት ግጭት። ትንሽ ቤት ስለሆነ አንዱ ድግስ በሁሉም ላይ ምልክቱን ትቶ አለፈ። በትልቅ ጋላክሲ ውስጥ ቢሆን ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ሰማይ የሚነበብበት አገር

ወንድሜ አንድ ነገር አክሎ ነገረኝ። ከጂንካ በስተምዕራብ የሚኖሩት ሙርሲዎች ወራትን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው፤ ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ ዘግበውታል። ዛሬ ስንተኛው ወር ነው ቢባል ሰዎቹ አይስማሙም፤ ይከራከራሉ፤ ኋላ ግን የተፈጥሮ ምልክቶች ሲታዩ ክርክሩ ይፈታል። የኦሞ ሙላትንም ከደቡብ ከዋክብት ጋር ያያይዙታል፤ በደቡብ መስቀል ውስጥ ኢማይ የሚሉት ኮከብ ከምሽቱ ሰማይ ሲጠልቅ ወንዙ የዳሩን ሣር እስኪያስተኛ ይሞላል ይላሉ። ዛሬ ከጊቤ 3 ግድብ በኋላ ወንዙ እንደ ድሮው አይሞላም። ኮከቡ ግን በጊዜው ይጠልቃል።

እኛ ከተሜዎች ያጣነው ወንዙን ሳይሆን ኮከቡን ነው። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ፣ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ማዕከል አለን፤ የከተማው መብራት ግን ከሥሩ እየሰፋ ነው። ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ለተሻለ ጣቢያ የተጠኑትም ጨለማቸው ስለሚፈለግ ነው። ጨለማ እንደ ንጹሕ ውኃ የሚፈለግበት ዘመን መጥቷል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ካኮ ይህ ሀብት አላት፤ እኛ ግን «መብራት እንኳ የለም» ብለን እናዝንላታለን። መብራቱ ለክሊኒኩም ለተማሪውም ይግባ፤ ይገባልም። ግን አምፖሉ ወደ መሬት እንዲያበራ ኮፍያ ቢደረግለት ሁለቱም ይኖራል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ወንድሜ የነገረኝን ላካፍላችሁ።

ጊዜው፦ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት፣ ጨረቃ በሌለችባቸው ቀናት፣ ከምሽቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት። በየካቲት ትንሹ ደመና ቀድሞ ስለሚጠልቅ ትልቁ ብቻ ሊቀርላችሁ ይችላል።

ቦታው፦ ደቡቡ በተራራ ያልተጋረደ፣ ከከተማ መብራት የራቀ። ደቡብ ኦሞ፣ ቦረና፣ ኮንሶ ጥሩ ናቸው። ከአዲስ አበባም ከአድማስ በላይ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ዝቅ ስለሚሉ ጭጋጉና መብራቱ ይውጣቸዋል።

መንገዱ፦ በደቡብ በኩል እጅግ የደመቀ ነጭ ኮከብ ታያላችሁ፤ ካኖፐስ ይባላል፣ ከሲርየስ ቀጥሎ የሌሊቱ ደማቅ ኮከብ ነው። ከእሱ በስተቀኝ ራቅ ብሎ ሌላ ደማቅ አለ፤ አከርናር። ትልቁ ደመና ከሁለቱ መካከል፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ካኖፐስ ተጠግቶ ይገኛል።

ዓይናችሁ፦ ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቆይ። ስልክ አይከፈት፤ አንዴ ከበራ ዓይን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ደብዛዛ ነገር በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ሲታይ ይበልጥ ይታያል።

ምን አየሽ?

በመጨረሻዋ ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ የመጣሁበትን አነሣሁ። የእናቴን ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። «እትዬ፣ የእማዬ ጉልበት ያሳስበኛል። አንቺ ብቻሽን መሸከምሽም ያሳስበኛል» አለ። «ግን ዘንድሮ የማስፈትናቸው ልጆች አሉ። እኔ ስመጣ አራተኛ ክፍል ነበሩ።» ሌላ ምክንያት አልደረደረም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ክረምቱን በሙሉ እናቴ ዘንድ ሊያሳልፍ፣ የሐኪም ቤቱንም ምልልስ ከእኔ ላይ ሊያወርድ ተስማማን። ለእሷ የሚበቃ መልስ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ብቻዬን መምጣቴን አይታ ፊቷን ወደ ጀበናው አዞረች። «እና፣ እዚያ ምን ይታያል?» አለችኝ። ነገርኳት። ገበያ መሐል ስላስቆመን ሰው፣ በቅል ስለ ተሰጠው ማር፣ አራተኛ ክፍል ስለ ነበሩት ልጆች፤ በመጨረሻ ስለማይሄዱት ሁለት ደመናዎች፣ ራቅ ብሎ ጋዙን ስለ ጠበቀው ትንሽ ጋላክሲ። ልጄ ከጎን ሆና ያጎደልኩትን ሞላች።

እናቴ ሁለተኛውን ቀዳች። ሦስተኛውንም ቀዳች። ከዚያ ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ ቀና ሳትል፣ «ከአርባ ምንጭ ወዲያ መንገዱ ለጉልበት እንዴት ነው?» አለች።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ «እዚያ ቀረ» የተባለ አንድ ሰው አይጠፋም። በዚህ ወር ደውሉለት። ምን እንደጎደለው ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደሚታየው ጠይቁት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።